የአምሳያዋ መርዶ

መርዶ ነጋሪዎቹ የመጡት ጦሳ ተራራ ጉሙን ሳይገፍ፣ የሳላይሽ ሰፈር ሰው ከብርድ ልብሱ ሳይወጣ ነበር። ወይዘሮ አርሴማ በሩ ሲንኳኳ ማነው ብላ አልጠየቀችም። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ዝግታ የሚያንኳኳ ሌላ ማን አለ? ነጠላዋን ደርባ ስትከፍት ከፊት የእድሩ ዳኛ ጋሽ ናሆም፣ ቀጥሎ የንስሐ አባቷ አባ ኪሮስ፣ ከዚያ የጓሮ ጎረቤቷ ሒክማ፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ አንድ ልጇ ኢዮስያስ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ልጇን ስታይ ግማሽ ነፍሷ ተመለሰ፤ እሱ በእግሩ ከቆመ እሱ አይደለም ማለት ነው። ታዲያ ማን ነው?

ገብተው እስኪቀመጡ ድረስ ዘመዶቿን አንድ በአንድ በሆዷ ገደለቻቸው። ኮምቦልቻ ያለው ወንድሟ ናሁሰናይ ራሱን በሚነዳ ከባድ መኪና ላይ ጠባቂ ሆኖ ጅቡቲ ይመላለሳል፤ ሰሞኑን ደግሞ ድምፁን አጥፍቷል። እሱ ነው ብላ ቆረጠች። ሁለት እጇን ጭኗ መሐል ከትታ ጠበቀች።

እንደ ወጉ ጋሽ ናሆም ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና፣ ሰው ሆኖ የማያልፍ የለም፣ አንቺም ስንቱን አጽናንተሻል፣ እያሉ ዙሪያውን ሲዞሩ ቆይተው ደረሱበት።

«አርሴማ፣ አምሳያሽ አርፋለች» አሏት።

«ተመስገን፤ እኔ ደግሞ ናሁሰናይ መስሎኝ» አለች።

ማንም አልሳቀም። ኢዮስያስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሒክማ እጇን ያዘቻት። ማን እንደሞተ ለአርሴማ የገባት ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ዘመኑ ሁለት ሺህ ሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። በዚያ ዘመን ክፉ በሽታ የያዘው ሰው ከመታከሙ በፊት አምሳያው ይታከማል። የሰውየው ደምና ሥጋ፣ ለሐኪም የተናገረው ቃል ሁሉ ይገባና እሱን የመሰለ፣ ሥጋ የሌለው ሰው ይሠራል። አምሳያው ቀዶ ጥገናውንም፣ መድኃኒቱንም፣ ጨረሩንም ቀድሞ ይቀምሳል፤ የእሱ ዓመት የእኛ ሳምንት ነው። ከዳነ ሰውየው በዚያው መንገድ ይሄዳል። አምሳያው ዓመት ተመንፈቅ ሳይሞላው ከሞተ ግን በሰውየው ላይ ቢላ አይነሣም፤ ማስታገሻ ይሰጠውና ቤቱ ይሰነብታል። ሐኪሞቹ ይህን ሲያስረዱ ክፋት የለባቸውም። ድሮ ስንቱ በከንቱ ተቀደደ፣ ስንቱ የቀረችውን ጥቂት ወር ሲያስታውክ ጨረሳት ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ሕዝቡም ለመደው። ምን የማይለመድ አለ? ጠዋት ስልኩን ይከፍትና አምሳያዬ እንዴት አደረ ይላል። የአርሴማ አምሳያ ማሕፀኗ ወጥቶ መድኃኒቱን ስትጀምር ጸጉሯ ረገፈ፤ አርሴማ ያን ቀን የራሷን ሹሩባ ስትዳስስ ዋለች። ቀጥሎ አምሳያዋ ምግብ አልረጋላት አለ፤ አርሴማም ምሳዋን ሳትነካው ቀረች። ሰዉ በአምሳያው ስም ጸበል ያስቀዳል፣ ሻማ ይሳላል፣ ዱዓ ያስደርጋል። የከበደው ሞቱ በስልክ ሲመጣ ነው። ሮቢት ገበያ ላይ አንድ ሰውዬ ሽንኩርት እየመረጠ የአምሳያውን ሞት አነበበና እዚያው ሽንኩርቱ ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ እድሮቹ ተነሡ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ይህ የሰው ወግ አይደለም ብለው ጤና ቢሮውን ወጥረው ያዙት፤ ቢሮውም ተረታላቸው። ከዚያ ወዲህ የአምሳያ ሞት በቀጥታ ለእድሩ ዳኛ ይላካል፤ ዳኛው ሽማግሌ አስከትሎ ጎህ ሲቀድ ይሄዳል። ድንኳን ግን አይተከልም። እድሩ በዚህ ላይ ብዙ ተጨቃጭቆ፣ ሬሳ በሌለበት ድንኳን የለም ብሎ ወስኗል።

ቢሆንም ለቀስተኛ አልቀረም። ቀኑን ሙሉ ጎረቤት ሲገባና ሲወጣ ዋለ። ችግሩ፣ ምን ይባላል? «እግዜር ያጽናሽ» ይሏታል፤ በማን እንደምትጽናና እነሱም አያውቁት፣ እሷም አታውቀው። አንዲት ሴትዮ ለምዶባት «ነፍስ ይማር» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። አርሴማም ለምዶባት «አሜን» አለች። ናሁሰናይ ከኮምቦልቻ ከነሥራ ልብሱ መጥቶ እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ፣ ጀርባውን እየደባበሰች ያጽናናችው ራሷ ናት። በማግስቱ ሥራ ገባች። ምን ታድርግ፣ ቤት ውላ የራሷን ለቅሶ ትቀመጥ?

ሥራዋ ፒያሳ ቁልቁለቱ ላይ የባጃጅ ባትሪ መቀየር ነው። ባዶውን ትቀበላለች፣ የሞላውን በመስኮት ትሰጣለች። ሌላ ጊዜ ሹፌሮቹ «ማዘር፣ ያንን ደካማውን አትስጪኝ፣ አዝዋ ገደል ሳልደርስ ይተኛብኛል» እያሉ ይነዘንዟታል፤ እሷም አፍሽን ያዢ የሚላት የለም፣ ትመልስላቸዋለች። ያን ቀን ግን ባትሪውን በሁለት እጃቸው እየተቀበሉ፣ አንገታቸውን እየሰበሩ ሄዱ። ከመርዶው ይልቅ ይህ አንገበገባት። በቁሟ እንደ ሬሳ መከበር አስጠላት፣ አስፈራትም።

በሳምንቱ ማስታገሻውን ልትቀበል ሆስፒታል ሄደች። ኢዮስያስ መድኃኒት ቤቱ ወረፋ ሊይዝ ሲወርድ ከሐኪሟ ጋር ብቻዋን ቀረች። ዶክተር ሶልያና ልጅ እግር ናት፣ ዓይን እያየች የምትናገር። አርሴማ ስንት ጊዜ ቀረኝ ብላ አልጠየቀቻትም። የጠየቀቻት አምሳያዋ ለምን እንደሞተች ነው። ሁሉን አድርጋ የለም ወይ? ማሕፀኗ ወጣ፣ መድኃኒቱን ጨረሰች፣ ጨረሩንም ቻለችው። ታዲያ?

ዶክተሯ ሳትቸኩል አስረዳቻት። የማሕፀን ግድግዳ ካንሰር አብዛኛው በጊዜ ከተያዘ የሚድን ነው፤ የእርሷ ግን ክፉው ዓይነት ነው። ገና ትንሽ ሳለ እንደ አረም ዘር ወደ ሆድ ዕቃው ይበተናል። ያም ሆኖ ክፉው ዓይነትም ሁሉ እኩል አይሮጥም። ከአንዳንዷ ሴት ጋር ዓመታት የሚጎተት አለ፤ በአንዳንዷ ደግሞ ከቀዶ ጥገናው አልጋ ሳትወርድ ተመልሶ የሚነሣ አለ።

«ደሙ የጀመረዎት ከገና ወዲህ ነው ብለውናል» አለቻት። «ከገና ወዲህ እዚህ ከደረሰ፣ ምንም ብናደርግ ይቀድመናል። አምሳያዎን የገደላት ሩጫው ነው።»

አርሴማ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ልጇ አልተመለሰም።

«ከገና በፊት ጀምሮ ቢሆንስ?»

«ከምን ያህል በፊት?»

«ዓመት ያህል።»

ዶክተሯ፣ እንዲያ ከሆነ በሽታው ዝግ ያለ ነው ማለት ነው፣ ዝግ ያለውን ደግሞ መድኃኒቱ ይደርስበታል፣ የሚሠራውም ሌላ አምሳያ ነው አለቻት። ይድናሉ ማለቷ እንዳልሆነ ሁለት ጊዜ ተናገረች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ሰዉ አምሳያው ሲሞትበት ታሪኩን መለወጥ ጀምሯል፤ አንዱ ሲጋራ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ይላል፣ ሌላዋ ዕድሜዋን ትቀንሳለች። ስለዚህ ደንቡ እርማት የሚቀበለው ነገሩን በጊዜው ያወቀ ምስክር ሲገኝ ነው፤ ምስክሩም ቃሉን የሚሰጠው ቤተሰብና እድር ባለበት ነው። በጊዜው ያወቀ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«ማንም አያውቅም» አለች አርሴማ። ማንም እንዳያውቅ ስንት ለፍታ!

እውነቱ ይህ ነው። ደሙ የጀመራት ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም ላይ ነበር። የወር አበባዋ ከቆመ ዘመን አልፎታል፤ ስታየው መጀመሪያ የተሰማት እፍረት እንጂ ፍርሃት አልነበረም። በዚህ ዕድሜ! ያኔ ደግሞ የየቤቱ ሽንት ቤት ያየውን ለጤና ጣቢያ ይናገራል፤ ሰፈሩ ስሙን «ወሬኛው» ብሎታል። ወሬኛው ካወቀ ጤና ጣቢያው ያውቃል፣ ጤና ጣቢያው ካወቀ በኢዮስያስ ስልክ ላይ ይመጣል። ልጇ የእናቱን ደም በስልክ ሊያነብ ነው? ስለዚህ ወደ ሒክማ ጓሮ መሹለክ ጀመረች። ሟቹ የሒክማ ባል፣ ወሬኛ ቤቴ አይገባም ብሎ እስከ ዕለተ ሞቱ የተሟገተ ሰው ስለነበር፣ የሒክማ ሽንት ቤት የድሮው የጉድጓድ ነው። ሁለቱን ጓሮ የምታገናኝ የሽቦ በር አለች። በራሷ ቤት ግን ለጠየቃት ሁሉ መቀመጫው ቀዝቃዛ ነው፣ ጉልበቴን ያመኛል እያለች ወሬኛውን ሸሸችው፤ ቀን ያው ሥራ ናት። በገና ሰሞን ደሙ በርትቶባት ሌሊት ሒክማ ጓሮ መድረስ ሳትችል ቀርታ ነው በወሬኛው የተያዘችው።

ይህ ብቻ ቢሆን ተናግራው ባረፈች። ነገር ግን ሰኔ ላይ የጎረቤቷ የትርሲት ልጅ ክርስትና ነበረ። ትርሲት ገና ነፍሰ ጡር ሳለች፣ ሴት ከሆነች ክርስትና የምታነሺልኝ አንቺ ነሽ ብላት፣ አርሴማም ደስ ብሏት ቃል ገብታለች። ቀኑ ሲደርስ ምን ትበል? ደም ላይ ያለች ሴት ቤተ መቅደስ እንደማትገባ ሕፃን ያውቀዋል። አልችልም ካለች ለምን ትባላለች፤ ለምን ከተባለች መልስ የላትም። ገባች። ሕፃኗን ኬብሮንን ከመጠመቂያው ተቀብላ ታቀፈች፣ ከትርሲትም ጋር አበልጅ ሆነች። ከዚያ ቀን ወዲህ ራሷን ቀጣች። መድኃኔ ዓለም ስትሄድ ከደጀ ሰላሙ አላለፈችም፤ ሰው ሲጠይቃት የባትሪ ወረፋ አለብኝ፣ ልቸኩል ትላለች።

ሆስፒታል ሄዳ መቼ ጀመረሽ ስትባል ልጇ አጠገቧ ነበር። ከጾሙ ጀምሮ ካለች ሰኔ መሐል ላይ አለች፤ ሰኔ ካለች ክርስትናው አለ፤ ክርስትናው ካለ የትርሲት ልጅ አለች። ከገና ወዲህ አለች። አንዲት ቃል ናት፣ ወጣች። አምሳያዋ በዚያች ቃል ተሠራች፣ በዚያችው ቃል ሞተች።

ከሆስፒታል ስትመለስ ቤቷ አልገባችም። በሽቦዋ በር ሾልካ ሒክማ ጓሮ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ሒክማ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። አርሴማ ፊት ለፊቷን እያየች ሁሉንም ነገረቻት፤ ጾሙን፣ ክርስትናውን፣ ከገና ወዲህ ያለችውን። ምስክር የለኝምና በገዛ ምላሴ ልሞት ነው ብላ ጨረሰች። ሒክማ ጎመኑን አስቀመጠችው።

«እኔ አውቃለሁ» አለች።

«ምን ታውቂያለሽ?»

«ረመዳንና ጾማችሁ የገጠሙ ጊዜ ነው። ሌሊት ሱሑር ልበላ ተነሥቼ፣ ለውዱእ ልታጠብ ስወጣ ከሽንት ቤቱ ስትወጪ አየሁሽ፣ ፌስታል በነጠላሽ ሸፍነሽ። ሆዷን ታሟ ይሆናል ብዬ ተውኩት። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን አየሁሽ። ሴት አይደለሁ? ገባኝ።»

አርሴማ የዚያን ጊዜ ትዝ አላት። ሽንት ቤቱ ደጃፍ ላይ ሁልጊዜ ለብ ያለ ውሃ በጀበና ይቀመጥ ነበር፤ ለሶላት ነው ብላ አልፋዋለች። ሳሙናው አልቆ አያውቅም። በሽንት ቤቱ መስኮት ጠርዝ ላይ ደግሞ የታጠፈ ንጹሕ ጥጥ ነበረ። ሒክማ ከስድሳ ያለፈች፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ጥጡ ለማን ነው ብላ አርሴማ ራሷን ጠይቃ አታውቅም፤ መልሱ እንዳይመጣባት ፈርታ ነበር።

«ለምን ዝም አልሽኝ?» አለቻት።

«አንቺ ስትደብቂ እኔ እንዴት ልግለጠው? ያከበርኩሽ መስሎኝ ነው፣ እቴ። በአክብሮት ልገድልሽ ነበር» አለች ሒክማ፤ ከዚያም በጎመን እጇ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። አርሴማም ከመርዶው ቀን ጀምሮ ያላወጣችውን እንባ እዚያ ድንጋይ ላይ አወጣችው።

ሲወጣላቸው ሒክማ ፊቷን አብሳ፣ እኛ ዘንድ ከወቅቱ የወጣ ደም በሽታ ነው፣ ከሶላት አያግድም፤ የእናንተን ደግሞ ሂጂና አባን ጠይቂያቸው አለቻት። አርሴማ ሄደች። አባ ኪሮስ ጺማቸውን እየጎተቱ እስከ መጨረሻው ሰሟት። የተቆጡት ግን እሷ በጠበቀችው ነገር አልነበረም። ዓመት ሙሉ ደጅ የቆምሽው እኔን አንድ ቃል ላለመጠየቅ ነው ወይ ብለው ነው የተቆጡት። «በመዋሸትሽ ንስሐ እሰጥሻለሁ። በመታመምሽ ግን ንስሐ የለኝም» አሏት። ክርስትናውም ክርስትና ነው፣ የሚነካው የለም አሉ።

የቀረችው ትርሲት ነበረች። ምስክርነቱ የሚሰማው እድር ባለበት ስለሆነ ነገሩ ከሰፈር እንደማያመልጥ አርሴማ ታውቃለች፤ ከሌላ ከምትሰማው ብላ ቀድማ ራሷ ነገረቻት። የትርሲት ዓይን ምንጣፉ ላይ ወደምትድኸው ወደ ኬብሮን ሄደ፣ እዚያው ቀረ። አርሴማ ስትወጣ ደጅ ድረስ አልሸኘቻትም። ይህን ያህል ቀላል አልነበረም፤ ቀላል ነበረ የሚል ካለ ውሸቱን ነው።

የምስክርነቱ ቀን ሆስፒታሉ አንዲት ጠባብ ክፍል ሰጣቸው። ኢዮስያስና ናሁሰናይ በአንድ ወገን፣ ጋሽ ናሆም በሌላው፣ ሒክማና አርሴማ መሐል ተቀመጡ። የሚጠይቀው ሰው አልነበረም፤ ከግድግዳው የሚወጣ ለስላሳ የሴት ድምፅ ነው። ድምፁ እፍረት አያውቅም። ደሙ ምን ዓይነት ነበረ? ቀጭን ወይስ የረጋ? ጥጡ በየስንት ጊዜው ይለወጥ ነበር? ሒክማ በወንድ ፊት እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ወላሂ ብላ ጀመረች፣ የቻለችውን ያህል ሁሉንም መለሰች፤ ረመዳኑን ከነሌሊቱ፣ ጥጡን ከነቀለሙ። ጋሽ ናሆም ባርኔጣቸው ውስጥ የሆነ ነገር የወደቀባቸው ይመስል ወደ ውስጡ ሲያዩ ቆዩ። ድምፁ አመስግኖ ሲያበቃ ኢዮስያስ ቀና አለ። ጆሮው ቀልቷል።

«እማዬ፣ እኔን ነው የፈራሽኝ?»

«አንተንስ አይደለም፣ ልጄ። ስልክህን ነው» አለችው።

ሲወጡ ትርሲትን ኮሪደሩ ላይ ቆማ አገኟት። ኬብሮንን አርሴማ ክንድ ላይ አስቀመጠቻትና ቀድማቸው ወጣች። ልጅቱ የአርሴማን የአንገት ክር ይዛ መጎተት ጀመረች። አርሴማ እስከ ባጃጁ ድረስ ተሸክማት ሄደች።

ሁለተኛዋ አምሳያ ተሠራች። አርሴማ ግን ስልኳን ለሒክማ ሰጠቻት፤ እንዴት አደረች ብላ መጠየቅ ቀረ። ጎህ ሲቀድ ብቻ ጆሮዋ ይነቃል። ሰው በመንገድ ካለፈ ልቧ ወደ በሩ ይሄዳል። ማንም ሳያንኳኳ ሲነጋ፣ ፊቷን ታጥባ ወደ ባትሪዋ ትወርዳለች። ሰውነቷ ይከሳል፣ ወገቧን ይቆርጣታል፣ የምትቆምበት ሰዓት ያጥራል። የሚጠብቁት ነገር ሲዘገይ በሽታው እንደማይጠብቅ ታውቃለች።

ውጤቱ ለጋሽ ናሆም ሲላክላቸው ሰውዬው ትልቅ ጭንቅ ውስጥ ገቡ። እድሩ ለሞት እንጂ ለደስታ ሥርዓት የለውም። በስልክ እንንገራት ሲባል፣ ስልክን ያስከለከሉት ራሳቸው ናቸው፤ ያፍራሉ። ጎህ ሲቀድ እንሂድ ሲባል ደግሞ በሩ ሲንኳኳ ሴትዮዋ በድንጋጤ ትሞትባቸዋለች። ብዙ ከመከሩ በኋላ በጠራራ ፀሐይ ወደ ሥራዋ እንዲሄዱ ሆነ።

አርሴማ አንድ ባትሪ በእጇ እንደያዘች ከዳገቱ በላይ የጋሽ ናሆምን ባርኔጣ አየች። ከኋላቸው አባ ኪሮስ፣ ከዚያ ልጇ። ያው ሰልፍ ነው። ባትሪውን አስቀምጣ መስኮቱን ተደገፈች። ከሁሉ ኋላ ሒክማን አየቻት። ሒክማ ሸንኮራ እየጋጠች ነበር። ረጅም ሸንኮራ ይዛ፣ በጥርሷ እየላጠች፣ ገለባውን በጎዳናው ላይ እየተፋች ትወርዳለች። ሸንኮራ እየጋጠ የሚያረዳ ሰው የለም። አርሴማ ገና አንድ ቃል ሳይነግሯት ወንበሯ ላይ ቁጭ አለችና በሳቅና በልቅሶ መሐል ሆነች። የተሰለፉት ሹፌሮች ምን እንደሆነ ሳያውቁ ጥሩምባቸውን ነፉ።

ጋሽ ናሆም እያለከለኩ አምሳያዋ ዓመት ተመንፈቁን መሻገሯን፣ ቀዶ ጥገናው መፈቀዱን ነገሯት። ቀጥለው «የኋላው ግን…» ሲሉ እጇን አነሣች።

«የኋላውን ቀኑ ሲደርስ ንገሩኝ፣ ጋሼ» አለቻቸው። ሰውዬው ቃል አክባሪ ናቸው፤ እሺ አሏት።

ከዚያ ወዲያ የሆነው በሁሉም ላይ የሚሆነው ነው። ማሕፀኗ ወጣ፤ ወደ ሆድ ዕቃው የተበተነውንም ያገኙትን ያህል ለቀሙ። መድኃኒቱ ጸጉሯን ወሰደ፣ ጣቶቿን አደነዘዘ፣ የእህል ሽታ አስጠላት። ጨረሩ አንጀቷን አቃጠላት። ተዉኝ፣ ይብቃኝ ያለችባቸው ቀኖች ነበሩ፤ ሒክማ ግን የአጃ ሾርባዋን ይዛ በሽቦዋ በር ትመጣና እስክትጠጣው ድረስ እላይዋ ላይ ትቆማለች። አምሳያዎቹ ያልቀመሱት ነገር ቢኖር እሱን ነው። ቀስ በቀስ ጸጉሯ ሽበት ሆኖ በቀለ። ወደ ባትሪዋም ተመለሰች፤ ሹፌሮቹ መነዝነዛቸውን ጀመሩ፣ እሷም ትመልስላቸዋለች።

በአራተኛው ዓመት ኅዳር ላይ ሰዉ እንደገና ተለወጠባት። ሹፌሮቹ ባትሪውን በሁለት እጅ መቀበል ያዙ። የእድሩ ሴቶች ያለ ምክንያት ምግብ ይልኩላታል። ናሁሰናይ ከኮምቦልቻ በየቀኑ ይደውላል፤ ምን ሆነሃል ስትለው ምንም ይላል። አርሴማ ሞኝ አይደለችም፤ ገባት። ለማንም ግን ምንም አላለችም።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ጋሽ ናሆም ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ አሁን ከዘራ ይዘው፣ ሁለት ሽማግሌና ኢዮስያስን አስከትለው መጡ። ቃል ቃል ነው፤ ሁለተኛዋ አምሳያ በአራተኛ ዓመቷ ያረፈችበት ቀን ደርሷል። በዝግታ አንኳኩ። መልስ የለም። ደግመው አንኳኩ። ኢዮስያስ በራሱ ቁልፍ ከፈተው። ቤቱ ባዶ ነበር፤ አልጋው ተነጥፏል፣ ነጠላዋ ከመስቀያው ላይ የለም። ጋሽ ናሆም ግድግዳውን ያዙ።

ሒክማ በሽቦዋ በር ብቅ አለች፤ ጀበናዋን እንደያዘች፣ ውዱእ አድርጋ።

«ማንን ፈልጋችሁ ነው?»

«አርሴማን። መርዶ ይዘንላት ነበር» አሉ ጋሽ ናሆም።

«እሷማ የክርስትና ልጇን ይዛ ኪዳን ልታደርስ ሄዳለች። ውስጥ ድረስ ነው የምትገባው፤ ቶሎ አትወጣም» አለች ሒክማ። ቀጥላም፣ «ተቀመጡና ጠብቋት። ስትመጣ ታጽናናችኋለች» አለቻቸው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩና ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ፀሐይ የጦሳን አናት ነካች፣ ወደ ሰፈሩም ወረደች፤ መርዶ የሚነገርበት ሰዓት አለፈ።